የትኛው ሐሙስ

ገሠሠ ሮብና አርብ አይማታም ነበር፤ ጾም ነዋ። ይህን ለጀርመኖቹ እንዴት ብላ ታስረዳቸዋለች? ሚስቱን በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ የሚገርፍ ሰው የጾም ቀን ያከብራል ብትላቸው ወረቀታቸው ላይ ምን ብለው ሊጽፉት ነው? ሶሲ እሁድ ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ይህን ታወጣለች፣ ታወርዳለች። ጠዋት የዳቦ ቤቱን ወለል ስትወለውል ስላረፈደች ሰውነቷ ዝሏል፤ ዓይኗ ግን አልከደን ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ስደተኞች የሚኖሩበት ቤት ዛሬ ጸጥ ብሏል፤ እዚህ አገር እሁድ ሱቅ አይከፈት፣ ልብስ ማጠቢያው አይነካ፣ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ድስት ጣለች። ሶሲ በሁለት ክንዷ ጭንቅላቷን ሸፍና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ቆይታ ድስት መሆኑን አወቀችና ክንዷን አወረደች። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ማክሰኞ በዚህ አፏ አንድ ሐሙስ ትናገራለች።

ቤታቸው አዳማ፣ ደምበላ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር፤ ሁለት ክፍልና ጓዳ። ገሠሠ ተሳቢ ነው የሚነዳው። እሁድ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነስቶ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጭኖ ሐሙስ ወይም አርብ ይመለሳል። የሶሲ ኑሮ በሙሉ በዚያች «ወይም» ላይ የቆመ ነበር። አርብ ከገባ ሽሮውን በልቶ፣ እግሩን ታጥቦ ይተኛል፤ ቅዳሜ ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ ሰው ፊት ደግሞ ጨዋ ነው፤ እሁድ ይሄዳል። ሐሙስ ከገባ ግን መንገድ ላይ ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው፤ የኬላውን ንዴት፣ የአፋርን ሙቀት፣ የጫቱን ምርቃና፣ ያልተኛበትን ሌሊት፣ ሁሉንም እሷ ላይ ያራግፈዋል። ሰኞ ሰኞ ትተነፍሳለች። ማክሰኞ ልብስ ታጥባለች። ሮብ እህል አይወርድላትም፤ የጎረቤቷ እትዬ ሙሉዬ «ምነው ልጄ፣ ሮብ ሮብ ፊትሽ ይጠቁራል» ይሏታል፣ እሷም ጾሙ ነው ትላለች። በሁዳዴ ግን ይህ ሥርዓት አይሠራም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እጁን መሰብሰብ ስለማይችል ጾሙ የአፍ ብቻ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ፀጉሯን ጠቅልሎ ያዘና ግንባሯን ከውሃው በርሜል ጠርዝ ጋር አጋጨው። ሕመሙ አይደለም ትዝ የሚላት፤ የበርሜሉ ድምፅ ነው፣ ባዶ ስለነበረ ጮኸ። ደም ዓይኗ ውስጥ እየገባ «ይቅርታ» ትላለች፤ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ይቅርታ ትላለች። ሌላ ጊዜ የቀበቶው ብረት መንጠቆ ትከሻዋ ላይ ገባና ሲወጣ ሥጋዋን ይዞ ወጣ። ሌላ ጊዜ ሁለት ጥርሷን መዳፏ ላይ ተፍታ፣ እሱ ተኝቶ እያንኮራፋ፣ አጥባ በወረቀት ጠቀለለቻቸው። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አታውቅም፤ ወሩንም ዓመቱንም አታውቅም። ሐሙስ እንደነበረ ብቻ ታውቃለች። ሲመታት ደግሞ የሚላት አንድ ነገር ነበረው፤ ሳይጮህ፣ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ዝግ ብሎ፣ «አንድ ሐሙስ ነው የቀረሽ» ይላታል። አገሩ ሁሉ የሚለው ነው። ሰው ሲያረጅ፣ በሽታ ሲጥለው፣ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው ይባላል፤ ሞቱ ቀርቧል ማለት ነው እንጂ ቀን የሚቆጥር የለም። ለሶሲ ግን ሐሙስ እየመጣ ሐሙስን የሚጠራ ሰው አፍ ውስጥ ቃሉ አነጋገር አልነበረም፤ ቀጠሮ ነበር።

ሊዲ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቷ ናት፤ እናታቸው ሰንበቱ መቂ ላይ ስትሞት ሶሲ ወደ አዳማ አምጥታ ከራሷ ጋር አኖረቻት፣ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ሐሙስ ሲሆን ልጅቷ ከጓዳ አትወጣም። ገሠሠ ነክቷት አያውቅም። ሶሲ ይህን ለራሷ ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ነክቷት አያውቅም፣ ነክቷት አያውቅም፣ አሁንም አልጋዋ ላይ ሆና ከንፈሯ ይለዋል።

ሶሲ ከገሠሠ ተደብቃ ያናገረችው ደላላ ዱባይ ለቤት ሠራተኛነት የቆረጠላት በረራ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሐሙስ ቢሆንም ገሠሠ አርብ ነው የሚገባው ብላ ነበር፤ ያ ሳምንት የጅቡቲ ወረፋ ረዝሟል ሲባል ሰምታለች። ሮብ ስምንት ሰዓት ላይ ገሠሠ ከሚሌ ደወለ።

«ነገ እገባለሁ» አለ።

«እሺ» አለች።

«ሥጋ ይኑር።»

«እሺ።»

ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ሊዲ ግቢው ውስጥ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ታጠናለች፤ ነፋሱ የደብተሯን ገጽ እየገለበጠ ያስቸግራታል፣ እሷም በክርኗ ትይዘዋለች። ሶሲ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ብነግራት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ጎረቤት ይሰማል። መቂ አክስታችን ጋ ብልካት ደግሞ ገሠሠ ባዶ ቤት ይገባል፤ ባዶ ቤት ከገባ ወዲያው ይገባዋል፣ ስልክ ይመታል፣ ቦሌ ድረስ ይበርራል፣ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። ሊዲ ቤት ካለች ግን ሶሲ ገበያ ሄዳ ይሆናል ይላል። ይጠብቃል። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ይጠብቃል። ይህን አስባዋለች። አላሰብኩትም ልትል ትችላለች፣ ለማንም ልትል ትችላለች፣ ግን ቆማ፣ ስልኩን በእጇ ይዛ፣ ነፋሱ ደብተሩን ሲገልጠው እያየች፣ አንድ በአንድ አስባዋለች። ሐሙስ ሲነጋጋ ሊዲን ሳትቀሰቅስ ወጣች።

ዱባይ እንደደረሰች ማዳሟ ስልኳን ስለቀማቻት አዳማ የደወለችው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተደብቃ፣ በሌላ ሠራተኛ ስልክ። ያነሱት እትዬ ሙሉዬ ናቸው።

«ሊዲ ደህና ናት?» አለች ሶሲ።

«ምኑን ደህና ሆነች ልጄ። ከትምህርት ቤት እንደገባች ነው። ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። እህትሽ የት ሄደች አላት፣ አላውቅም አለችው። ከዚያ በኋላ እኔ የሰማሁት የቀበቶውን ድምፅ ነው። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮታል። ጮኼ የባጃጅ ልጆቹን ጠራሁ፣ በድንጋይ ሰብረው ገቡ።»

«ከዚያስ?»

«ልጅቷ መሬት ላይ ናት፣ እሱ ላይዋ ላይ ቆሞ እህትሽ የት አለች ይላል። መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ እንዴት አድርጋ ትነግረዋለች? በግራ ጆሮዋ ደም ይወርድ ነበር። ሐኪሙ ጆሮው አይመለስም ብሏል።»

«እሱስ?»

«ይዘውት ነበር። በስምንት ቀኑ ተፈታ። ሽማግሌ ገባ ምናምን ተባለ። ሊዲ እኔ ጋ ናት፣ አታስቢ።»

አታስቢ። ሶሲ ያን ቀን የማዳሟን ሰሃን ስታጥብ በሐሳቧ ስንት ጊዜ ገደለችው፤ የፈላ ዘይት ፊቱ ላይ ደፋችበት፣ በተኛበት የሥጋ መጥረቢያውን አንገቱ ላይ አሳረፈች፣ የተሳቢውን ፍሬን አበላሽታ ከአዋሽ ድልድይ ላይ ሲወድቅ አየች። እስካሁንም ትገድለዋለች። አሁንም፣ እሁድ፣ ጀርመን አገር፣ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝታ እጇ ተጨብጧል። ስትገድለው ግን መጨረሻ ላይ ዞር ብሎ የሚያያት ፊት የሱ አይሆንም።

ማዳሟ እናቷን ለማሳከም ሙኒክ ስትመጣ ሶሲን አስከትላት መጣች። በአራተኛው ቀን ሶሲ ቆሻሻ ልጥል ብላ ወጣችና አልተመለሰችም። ጥገኝነት ጠየቀች፤ ወራት ቆይቶ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ጠያቂው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ውሃ ቀዳላት። ባለቤትዎ ይገድለኛል ብለው የሚያምኑት ለምንድን ነው አላት። «አንድ ሐሙስ ነው የቀረሽ ይለኝ ነበር» አለች። አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ተረጎመችው። ሰውየው መጻፉን አቆመ።

«የትኛው ሐሙስ?» አለ።

እንዲህ ይባላል እንጂ ቀኑ አይደለም ልትለው ትችል ነበር። አላለችውም። ሰውየው ጣቶቹን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አድርጎ አንድ ቀን ይጠብቃል። የተመታችበትን አራት ዓመት አይፈልግም፤ አንድ ቀን ነው የሚፈልገው፣ ከነሰዓቱ፣ በምን እንደመታት፣ የት እንደመታት። የሷ ሐሙሶች ደግሞ እንደረጠበ ወረቀት ተጣብቀዋል፣ አንዱን ልላጥ ስትል ሌላው አብሮ ይቀደዳል። ከነሰዓቱና ከነደሙ ለይታ የምታውቀው ሐሙስ አንድ ብቻ ነበር። «መንጋጋዬን መታኝ» አለች። «በቀበቶው ብረት። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ። የባጃጅ ልጆች ሰብረው ገቡ።» ስትናገረው የራሷ መሰላት፤ አለቀሰች፣ ለቅሶው እውነተኛ ነበር። ከዚያ ፓስፖርቷ ትዝ አላት። በዚያ ሐሙስ የቦሌ ማኅተም ተመትቶበታል። ስለዚህ ነገሩን ወደ ኋላ ገፋችው፤ «ከመውጣቴ ከስምንት ቀን በፊት ነው» አለች።

መልሱ በቢጫ ፖስታ መጣ። ከስምንት ቀን በፊት ያለው ቀን ሐሙስ ሳይሆን ሮብ ነው ይላል፤ አመልካቿ ሮብ ባለቤቷ እንደማይመታት፣ ምክንያቱን ሳትናገር፣ ራሷ ተናግራለች ይላል፤ ስለዚህ ቃሏ አይታመንም፣ ጥያቄዋ ውድቅ ሆኗል ይላል። ሶሲ ይግባኝ አለች።

ባለፈው አርብ ጠበቃዋ ቢሮ ነበረች። ጠበቃዋ ወይዘሮ ሆልት ጡረታ የደረሰች ሴት ናት። አስተርጓሚው ጋሽ ኡበይደላ የመተሐራ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከስምንት ቀን በፊት ብለሽ ነው አይደል እህቴ? እኛ የዛሬ ስምንት ስንል ሳምንት ማለታችን ነው። ቀኑን ራሱን ጨምረን ነው የምንቆጥር። ከሐሙስ ሐሙስ ስምንት ነው በኛ ቤት።»

ይህንኑ ለጠበቃዋ ነገሯት። ጠበቃዋ ሳቀች። «አያቴም እንዲሁ ነበር የምትለው» አለች፤ «በጀርመንኛም ስምንት ቀን ስንል ሳምንት ማለታችን ነው። ዳኛዋ ወዲያው ይገባታል። አለቀ፣ ሶሲ። አሸንፈናል።» ጋሽ ኡበይደላ ሲተረጉሙላት ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ሶሲም አመሰገነች። ስህተት ነው የተባለው ነገር ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ትክክል ነው ተብሎ የታለፈው ነው ውሸቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተኛችም።

አሁን ከአልጋዋ ተነስታ ስልኳን አነሳች። እትዬ ሙሉዬ ቶሎ አነሱት።

«ማክሰኞ ነው ፍርድ ቤቱ» አለች ሶሲ።

«እመቤቴ ትቁምልሽ።»

«ሊዲ አለች?»

«ዛሬ ፋብሪካ የለም፣ እዚህ ነበረች። አንቺ መሆንሽን ስታውቅ ወጣች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱን ደግሞ ከትናንት በስቲያ መንገድ ላይ አገኘሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ገና ሰላም ሲለኝ ነው። አንድ ሐሙስ ነው የቀራት፣ ንገሪያት አለኝ። ምን ላርግ ብለሽ ነው፣ እንድትጠነቀቂ ነው የነገርኩሽ።»

«ሊዲ ስለ እኔ ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም ልጄ። ምንም።»

ማክሰኞ ጠዋት ሶሲ የፍርድ ቤቱ ክፍል ውስጥ ናት። ጠበብ ያለ ክፍል ነው፣ ትምህርት ቤት ይመስላል። ዳኛዋ ጥቁር ካባ ለብሳለች፣ ፀጉሯ አጭር ነው። ጠበቃዋ የስምንት ቀኑን ነገር ስታስረዳ ዳኛዋ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ጸሐፊውን ይጻፍ አለችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ዳኛዋ ወደ ሶሲ ዞረች፤ ጋሽ ኡበይደላ አጠገቧ ተቀምጠው ዝግ ብለው ይተረጉማሉ።

«እስቲ ያን ሐሙስ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ። የት ላይ ነው የመታዎት?»

ሶሲ እጇን አነሳች። ጣቷ መንጋጋዋን ነካው፤ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ምንም የለውም። አጥንቱ እንደተፈጠረ ነው። እጇ እዚያው ቀረ።

«የኔ መንጋጋ ደህና ነው» አለች። «የተሰበረው የእህቴ ነው።»

ጋሽ ኡበይደላ አልተረጎሙትም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ አስተርጓሚ ሊል የማይገባውን፣ «እህቴ፣ ልተርጉመው?» አሏት።

«ይተርጉሙት።»

ተረጎሙት። ጠበቃዋ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሶሲ ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ነገረቻቸው፤ ሐሙሱ ከመውጣቷ በፊት የነበረው ሳይሆን የወጣችበት ራሱ መሆኑን፣ እህቷ ስትመታ እሷ ሰማይ ላይ እንደነበረች፣ ሮብ ከሚሌ እንደደወለ፣ ነገ እገባለሁ እንዳለ፣ እሺ እንዳለች፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጅ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ትታት እንደወጣች። ጋሽ ኡበይደላ መሃል ላይ ውሃ ጠጥተው መተርጎም ቀጠሉ።

«ታዲያ ለምን የራስዎ አስመስለው ተናገሩ?» አለች ዳኛዋ። አልተቆጣችም።

«የትኛው ሐሙስ ሲሉኝ ነው። አራት ዓመት መቶኛል፣ ግን አንዱንም ለይቼ ቀኑን አላውቀውም። ሲመታ ሰው ቀን አይጽፍም። ቀኑን የማውቀው ያልተመታሁበትን ነው።»

ዳኛዋ ብዙ ጻፈች። ከዚያ ሶሲ ሸሚዟን ከትከሻዋ ዝቅ እንድታደርግ በትሕትና ጠየቀቻት፤ ወንዶቹ ዞር አሉ። መንጠቆው የገባበት ጠባሳ እዚያ ነበር፣ አንድ ጣት ያስገባል። አፏንም ከፍታ የጎደሉትን ሁለት ጥርሶች አሳየች። ይህ መቼ ነው ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ሲወጡ ጠበቃዋ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «አሸንፈን ነበር» አለቻት፤ ቆየት ብላ ደግሞ እጇን ጨበጠቻት።

ቢጫው ፖስታ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ጋሽ ኡበይደላ በስልክ አነበቡላት፤ እንደ ስደተኛ አልተቀበሏትም፣ ነገር ግን ቢመልሷት ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል ብሏል ፍርድ ቤቱ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣታል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ፍርድ ቤቱ ቃሏን ያመነው ራሷን ጥፋተኛ የሚያደርገውን ክፍል በመናገሯ ነው ይላል አንዱ መስመር። ያንን ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ቀጥላ አዳማ ደወለች። እትዬ ሙሉዬ እልል ሊሉ ጀምረው ነበር፤ «ሊዲን ስጡኝ» አለች ሶሲ፤ «ካልመጣች ይህን ብቻ ንገሯት፤ ሐሙስ እንደሚገባ አውቅ ነበር በሏት።» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተንኮሻኮሸ። 

«ቆይ፣ በቀኝ ጆሮዬ ላድርገው» አለ አንድ የሴት ድምፅ። ቃላቱ ትንሽ ይጣበቃሉ፣ መንጋጋው ሙሉ በሙሉ እንደማይከፈት ሰው። ሶሲ አላወቀችውም፤ ከዚያ አወቀችው።

«ሊዲ።»

«አቤት።»

«አውቅ ነበር። ሮብ ደውሎ ነገ እገባለሁ ብሎኛል። እያወቅሁ ነው ትቼሽ የሄድኩት። ለዳኛዋም ተናግሬዋለሁ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለች ሊዲ።

«ምኑን?»

«መሄድሽን። ሮብ አልጋሽ ሥር ሻንጣውን አይቼዋለሁ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነዋ። ለሁለታችን መስሎኝ ነበር» አለች ሊዲ። «ደብተሮቼን ከቦርሳዬ አውጥቼ ልብስ ከተትኩበት። ጫማዬን እንዳደረግሁ ነው የተኛሁት፣ ስትቀሰቅሺኝ እንዳላዘገይሽ ብዬ። ስትነሺ ነቅቼ ነበር። በሩን ስትከፍቺ ሰማሁሽ። አሁን ትመለሳለች፣ አሁን ትጠራኛለች እያልኩ ተኛሁ።»

ሶሲ ወደ መስኮቱ ሄደች። መስኮቱ ሥር አውቶቡስ ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ።

«ከዚያ ነጋ» አለች ሊዲ። «ደብተሮቼን መልሼ ከትቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።»

«ሊዲዬ…»

«አሁን ልሄድ ነው፣ የዱከሙ ፋብሪካ ሰርቪስ ያመልጠኛል።» ስልኩን ግን አልዘጋችውም። ግቢው ውስጥ ሰው ሲያወራ፣ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። «ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው» አለች መጨረሻ ላይ። «ከሰዓት በኋላ እዚህ ነኝ።»